ማህተም ያለበት ግምት

ወረቀቱ ማህተም ነበረው። ዱሬቲን ከሁሉ በፊት ያስፈራት እሱ ነው። የባሏ አባት ጋሽ ገሠሠ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጥተው፣ ሳይቀመጡ፣ የቀረበላቸውን ውሃ ሳይነኩ፣ በአራት የታጠፈ ወረቀት ከደረት ኪሳቸው አውጥተው የስፌት መኪናዋ ላይ ዘረጉት። ከስልክ ላይ የታተመ ምስል ነው። የእሷ ስም አለበት፣ የኢሜይል አድራሻዋ አለበት፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር አለ። ከእንግሊዝኛው ጎን ጋሽ ገሠሠ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር አዙረው፣ ዕድሜ ልካቸውን የዕቃ ግምጃ ቤት መዝገብ በጻፉበት ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ አስፍረዋል፦ ቅዳሜ ማታ 12፡40፣ አርሲ ነገሌ። እሑድ ጠዋት 1፡15፣ አርሲ ነገሌ። ከታች በቀኝ በኩል ክብ ማህተም ተመቶበታል። «አንብቢው» አሉ። አነበበችው። «ከነገ ወዲያ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሽማግሌ ይቀመጣል። እስከዚያ ልጅቷ እኛ ዘንድ ትቆያለች» አሉና የአራት ዓመቷን ሊዲን እጇን ይዘው ወጡ። ሊዲ ቅዳሜ ቅዳሜ አያቶቿ ቤት ማደር ስለለመደች ደስ ብሏት እየዘለለች ሄደች፤ በሩ ላይ ዞር ብላ እንኳ አላየችም።

ማታውን የባሏ የምንተስኖት መልእክት መጣ። ምንተስኖት ዶሃ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ሦስት ዓመት ሆነው። «የት እንዳደርሽ አንቺ ታውቂያለሽ። ሽማግሌ የሚለው ነው የሚሆነው። ከተረጋገጠ ልጄ ከእናቴ ጋር ትሆናለች፤ አንቺ ቤቱን ትለቂያለሽ።» ደወለችለት፤ አላነሣም። ኢሜይሉን ከመሄዱ በፊት የከፈተላት እሱ ነው፤ የይለፍ ቃሉንም የመረጠው እሱ ነው፤ የራሷ ልደት ሳይሆን የእሱ ልደት ነው። እሷ የምትጠቀምበት የልብስ ዲዛይን ለማየት ነው። ማን፣ መቼ፣ ከየት ከተማ እንደከፈተው የሚያሳይ ገጽ እንዳለው ያወቀችው በዚህ ወረቀት ነው። ባሏ ግን ሲያውቅ ኖሯል። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከሥራ ሲመለስ፣ ጫማውን ሲያወልቅ፣ ያን ገጽ እየከፈተ ሚስቱ የት እንዳለች ሲያነብ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አዳማ፣ አዳማ፣ አዳማ፣ አንዳንዴም አዲስ አበባ ይል የነበረው ገጽ ባለፈው ሳምንት አርሲ ነገሌ አለ። አዲስ አበባ ሲል ምንም አላሰበም፤ ሰው አዲስ አበባ ለገበያ ይሄዳል። አርሲ ነገሌ ግን የዱሬቲ አገር ነው። አርሲ ነገሌ እህል ነጋዴው ምልኬሳ አለ፤ እሷን ከምንተስኖት በፊት ሽማግሌ ልኮ የጠየቃት፣ አባቷ እሺ ካሉት በኋላ እሷ እምቢ ያለችው ሰው። ምልኬሳ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ድምፁን ከሰማች ስድስት ዓመት አልፏታል። ይህን ለማን ታስረዳለች?

እሑድ ጠዋት ቤቷ መሃል ቆማ ያለፈውን ሳምንት ቅዳሜ ፈለገችው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ የተሠራው ምንተስኖት በላከው ገንዘብ፣ የተመዘገበው በጋሽ ገሠሠ ስም። በአንደኛው ክፍል አልጋውና ቁም ሳጥኑ፣ በሌላው የስፌት መኪናው፣ ቁልል ጨርቅና ለመስከረም የታዘዘ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም። ቅዳሜ ማታ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ ኮሌታ ስትሰፋ ነበር። ስልኳን ከፍታ የኮሌታ አቆራረጥ ስታይ ነበር። ማን አያት? ልጅቷ አያቶቿ ቤት ናት። ግቢውን የምትጋራት በድሪያ እህቷ ወልዳ ወለንጪቲ አራስ ልትጠይቅ ሄዳለች። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ ባሏ ውጭ ያለ ሴት በሯን በጊዜ መዝጋት አለባት ብለው የነገሯት እነዚሁ አማቾቿ ናቸው። በጊዜ ስለዘጋች ያያት ሰው የለም። ዘግይታ ብትዘጋ ኖሮ አሥር ሰው አይቷት፣ አሥሩም የአማቾቿን ምክር አለመስማቷን ይመሰክርባት ነበር። አንድ ነገር ብቻ ትዝ አላት፤ የዚያን ዕለት ማታ ውሃ መጥቷል። ከአሥር ቀን በኋላ የመጣ ውሃ ነው። በርሜል ስትሞላ እማማ ዘውድነሽ፣ አማቷ፣ «ልጅቷ በልታ ተኝታለች» ሊሏት ደውለውላት ነበር። ይህን እማማ ራሳቸው ይመሰክሩልኛል ብላ አሰበች።

ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንሥታው ስለነበር ማህተሙን አጉልታ አየችው። ፖስታ ቤት አጠገብ ያለ የፎቶ ኮፒና የስልክ ጥገና ሱቅ ማህተም ነው። ነጠላዋን አጣፍታ ባጃጅ ያዘች። ሃያ ብር ነው ሲላት አልተከራከረችም፤ ባጃጁ ፍራንኮ ሰፈር ጋ ተሳፋሪ ፍለጋ ሲያዘግም ግን «ቶሎ በልልኝ» አለችው። «እህቴ፣ ቅዳሴ ወጥቷል እኮ፣ ማን ያስቸኩልሻል?» አላት። አቧራውና ንፋሱ ገና በጠዋቱ ተነሥቷል። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ በዝግታ ይሄዳል። ሁሉም የሚያያት መሰላት፤ ሁሉም ወረቀቱን ያነበበ መሰላት።

የሱቁ ባለቤት ኦሊቃ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ፊቱ ላይ ሁሌ ግማሽ ሳቅ የማይጠፋ ሰው ነው። «አካም ቡልቴ» አላት። ሰላምታውን ሳትመልስ ስልኩን አሳየችው።

«ይሄ ማህተም ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ለምን አተምክበት?»

ኦሊቃ ስልኩን ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ አዞረው። «ጋሽ ገሠሠ ናቸው ያመጡት። ፕሪንት አደረግኩላቸው፤ ማህተም አድርግበት አሉኝ። ሱቅ ነው እንጂ መሥሪያ ቤት አይደለም እኮ አልኳቸው። ያለ ማህተም ወረቀት ምን ይረባል አሉኝ። ሰው እየተሰለፈ ነው፣ መታሁላቸው።»

«ምን ብለህ ነው የመታኸው?»

«ፕሪንት ያደረግኩት እኔ ነኝ ብዬ ነዋ።»

ዱሬቲ ባንኮኒውን ያዘች። ነገሩን ነገረችው፤ ልጇን፣ ቤቱን፣ ዘጠኝ ሰዓቱን። የኦሊቃ ሳቅ ጠፋ። ወንበር አወጣላትና ቀስ ብሎ አስረዳት። ኢንተርኔት ስትከፍት ለስልኳ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የስልክ ቁጥሯ አይደለም፣ ሌላ ነው። ያ ቁጥር የማንም አይደለም፤ ዛሬ እሷ ጋ ያለው ነገ ነገሌ ያለ ሰው ጋ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ከተማ ይሆናል። ውጭ አገር የተቀመጡ ኩባንያዎች አሉ፤ ሥራቸው ይሄ ቁጥር የት ከተማ ይሆን ብሎ መገመት ነው። ሚሊዮን ቁጥር ሰብስበው፣ ከጎኑ የከተማ ስም ጽፈው፣ ዝርዝሩን ይሸጣሉ። ኢሜይሉም ማስታወቂያውም ከዚያ ዝርዝር ነው የሚያነበው። «እነሱ ራሳቸው በትንንሽ ፊደል ‹ግምት ነው› ብለው ይጽፋሉ። የሚያነበው የለም እንጂ» አላት። የራሱን ስልክ ከፍቶ አሳያት። «ተመልከቺ፣ እኔ አሁን ሐዋሳ ነኝ። ትላንት ድሬዳዋ ነበርኩ። ለመኪና አምስት ሳንቲም አላወጣሁም።»

እዚህ ላይ ዱሬቲ በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰች። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ሰው ይረዳል ማለት ነው። አዳማን በካርታ እንኳ ፈልጎ አይቶት የማያውቅ ድርጅት፣ የማያውቃትን ሴት፣ ያላደረችበት ከተማ አሳደራት። ለማን? ማስታወቂያ ለሚሸጥ ሰው። ለእነሱ ሚስት የለችም፣ ልጅ የለችም፣ ነገሌና አዳማ መሃል ያለው የግማሽ ቀን መንገድ ከቁጥር የማይገባ ስህተት ነው። እዚህ ግን ያ ስህተት ከስልክ ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ማህተም፣ ከማህተም ወደ ሽማግሌ ሄደ፤ በየደረጃው አንድ ወንድ ተቀብሎ ለሚቀጥለው ወንድ አቀበለው፤ ከመካከላቸው አንዱም «ይህን ማን አየ?» ብሎ አልጠየቀም።

«መጥተህ ንገርልኝ» አለችው።

«እህቴ፣ የሰው ትዳር ውስጥ አልገባም። ጋሽ ገሠሠ ደንበኛዬ ናቸው። ነገ ማህተሜን የሚፈልግ ሰው ሁሉ…» አለና አልጨረሰውም። አፍሮ ግን ተቀመጠና በኮምፒውተር ጻፈላት፦ በተጠቀሰው ምስል ላይ ያለው የከተማ ስም በግምት የተሰጠ እንጂ የኢሜይሉ ባለቤት የነበረችበትን ቦታ የሚያረጋግጥ አይደለም። ፈረመበት። ማህተሙን አነሣና ሁለት ጊዜ መታው፣ ለእርግጠኝነት። ገንዘብ አልተቀበላትም።

የጋሽ ገሠሠ ሳሎን ሰፊ ነው። በዳንቴል የተሸፈኑ ሶፋዎች ግድግዳውን ይዘው ይዞራሉ፤ ቴሌቪዥኑም ዳንቴል አለው፤ ከበላዩ የጡረታ ምስክር ወረቀታቸው በመስታወት ተሰቅሏል። ዱሬቲ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰች፤ በሩ አጠገብ ካለችው ዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀመጠች፤ ማንም አላስቀመጣትም፣ ማንም ደግሞ ከፍ በይ አላላትም። ሊዲ ጓሮ ስትስቅ ይሰማታል፤ እንድትገባ ግን አልተፈቀደም። ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው የእድሩ ዳኛ ኦቦ ሰንበታ፣ ትልቅ ሰው፣ ድምፃቸው ለስላሳ። ሁለተኛው የጋሽ ገሠሠ የጡረታ ጓደኛ፣ ቤት ውስጥ ቆቡን የማያወልቅ፣ ስሙን ማንም ያልነገራት ሰው። እማማ ዘውድነሽ ለስላሳ መጠጥ አስቀመጡ፤ ለዱሬቲም አስቀመጡላት፤ ዓይኗን ግን አላዩዋትም። ጠረጴዛው መሃል፣ የስኳር ዕቃው ላይ የተደገፈ ስልክ አለ። ምንተስኖት እዚያ ውስጥ ነው። ቪዲዮው ስለሚቆራረጥ ፊቱን አጥፍቶ ድምፁን ብቻ ትቶታል።

ኦቦ ሰንበታ ወረቀቱን አነበቡ፤ ከዚያ ዱሬቲ ያመጣችውን አነበቡ፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስተኝተው ቆዩ። «ሁለቱም ማህተም አላቸው» አሉ።

«አንድ ማህተም ነው እኮ» አለ ባለ ቆቡ። «አንዱ ሱቅ ሁለቱንም ብሏል።»

«የኛ ቀድሞ ነው የታተመው» አሉ ጋሽ ገሠሠ።

«የእሷ ግን ሁለት ጊዜ ተመቷል» አሉ ኦቦ ሰንበታ።

«አይ፣ ስለከፈለች ነዋ» አሉ ጋሽ ገሠሠ።

ዱሬቲ አልከፈልኩም አላለችም። የተዘጋጀችበትን ግን ተናገረች፤ ቀስ ብላ፣ መሬት መሬት እያየች። ያን ቅዳሜ ማታ ውሃ መጥቶ ነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በርሜል እየሞላሁ እማማ ደወሉልኝ። ውሃ መጣ፣ እየሞላሁ ነው አልኳቸው። እማማ ይናገሩ። እማማ ዘውድነሽ የወንበሩን ዳንቴል ማስተካከል ጀመሩ፤ የተጣመመ ነገር አልነበረውም። መጀመሪያ ባላቸውን አዩ፣ ከዚያ ስልኩን አዩ። «ደውያለሁ» አሉ። «ስልክ ነው እንግዲህ። የት ሆና እንዳነሣችው በምን አውቃለሁ?» ከስልኩ ውስጥ ምንተስኖት «አያችሁ» አለ።

ኦቦ ሰንበታ አሰቡና እንደ ፍትሕ የመሰላቸውን ነገር አመጡ። «እኔ የእድር ዳኛ ነኝ። የሞተ ሰው የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ቆሞ የሚሄደው ነው የሚያስቸግረኝ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ማሽኑ ይዋሻል ነው የምትዪው። ጥሩ። አሁን እዚሁ ከፊታችን ክፈቺው። አንቺን አዳማ ተቀምጠሽ እያየንሽ ነው። ሌላ አገር ካለ ዋሽቷል፤ ነገሩ አለቀ።» ዱሬቲ የኦሊቃ ስልክ ትዝ አላት። ኦሊቃ ሐዋሳ ነበር፤ ኦሊቃ ድሬዳዋ ነበር። ስልኳን አወጣች፤ የይለፍ ቃሉን፣ የባሏን ልደት፣ አስገባች፤ ከፈተች። «ከፍቻለሁ» አለች። ምንተስኖት ዶሃ ሆኖ ገጹን መክፈት ጀመረ። ነገሌ በል፣ አለች በሆዷ። ሐዋሳ በል፣ ድሬዳዋ በል፣ የፈለግከውን በል። ሰው በገዛ አፉ ስሙን እንዲያጠፉት የሚለምንበት ቀን አለ፤ የእሷ ይህ ነበር።

«አዳማ ይላል» አለ ምንተስኖት።

ባለ ቆቡ ለስላሳውን አስቀመጠ። ግምት አንዳንዴ ይመታል። የሚመታው ግን ሰው እንዲመታ በማይፈልግበት ሰዓት ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የሳተው ሁሉ እንደመታ ይቆጠራል። ጓሮ ሊዲ አንድ ዘፈን ጀመረች፤ ግማሹን ስለማታውቀው ደጋግማ መጀመሪያውን ትዘፍናለች። ዱሬቲ ያን ድምፅ ከነገ ጀምሮ የማትሰማው መሆኑን ስታስብ አፏ ራሱ ተናገረ።

«የጋሼንም ምንተስኖት ነው የከፈተላቸው። የእሳቸውንም ያንብብ።»

«ምን አልሽ?» አሉ ጋሽ ገሠሠ።

«ላንብበው፣ ተዉአት» አለ ምንተስኖት ከስልኩ፤ ተናዷል። «አባቴ የሚደብቀው የለም። አሁን እከፍተዋለሁ። አየሽ፣ ዛሬ፣ አዳማ። ትላንት፣ አዳማ። ዓርብ፣ አዳማ። ሐሙስ…» ቆመ። መስመሩ የተቋረጠ መሰላቸው።

«ሐሙስ ምን ይላል?» አሉ እማማ ዘውድነሽ።

«ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ቢሾፍቱ ይላል።»

እማማ ዘውድነሽ ወደ ባላቸው ዞሩ። እማማ ራሳቸው ሐሙስ ለቅሶ ላይ ነበሩ፤ የተመለሱት ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ጋሽ ገሠሠ ግን አልደነገጡም። «ሐሙስ እቤት ነበርኩ። ጉልበቴን አሞኝ ተኝቼ ነበር የዋልኩት» አሉ፤ ሰው ስሙን ሲጠየቅ እንደሚመልስ። ኦቦ ሰንበታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ እሱስ ተሳስቷል» አሉ። «ይሳሳታል፣ ማሽን አይደል» አለ ባለ ቆቡ። «አባቴማ እዚያ ምን ይሠራል» አለ ምንተስኖት። አለቀ። አንድ ጉንጭ ለስላሳ ለመጠጣት የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልወሰደም። ማን አየዎት ያለ የለም፣ በርሜልዎ ሞልቶ ነበር ወይ ያለ የለም፣ ማህተም የጠየቀ የለም።

ዱሬቲ ጠበቀች። የተባለውን የሰሙ መስሏት ነበር። ማሽኑ ይሳሳታል ካሉ ነገሩ ለእሷም ያለቀ መስሏት ነበር። ማንም ወደ እሷ አልዞረም። «እኔስ?» አለች።

«አንቺ ምን?» አሉ ጋሽ ገሠሠ።

«ጋሼን ሐሙስ ዕለት ማን አያቸው?»

«እኔን ምስክር ልትጠይቂኝ ነው? በቤቴ ቁጭ ብለሽ?»

«ዱሬቲ» አሉ እማማ ዘውድነሽ፤ እንደ ማስጠንቀቂያ።

ኦቦ ሰንበታ እጃቸውን አነሡ። በደግነት ነው የተናገሩት፤ ያ ነው የባሰው። «ኢንተላ ኮ፣ ተይ። የእሳቸው አንድ ጊዜ ነው፤ ያንቺ ሁለት ጊዜ ነው፣ ማታም ጠዋትም። ደግሞ ነገሌ ነው ያለው። እሳቸው ቢሾፍቱ ማን አላቸው?» ባለ ቆቡ ሊስቅ ብሎ ተወው።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተነጋገሩ፤ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ፤ ጋሽ ገሠሠ ሁለት ጊዜ እምቢ አሉ፣ በሦስተኛው ዝም አሉ። ኦቦ ሰንበታ ፍርዱን ተናገሩ። ትዳር አይፈርስም። ልጅ ከእናቷ አትነጠልም። ያለፈው አልፏል፤ ሆነ አልሆነ አንልም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ማታ አንድ ሰዓትና ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ዱሬቲ ኢሜይሏን ትከፍታለች፤ ምንተስኖት ያነባል። አዳማ እስካለ ድረስ ቤቷ ቤቷ ነው፣ ልጇ ልጇ ናት፣ ነገር የለም። ሁሉም ተነፈሱ። በእውነት ተደሰቱ፤ ቤት ማዳናቸው ነበር።

«ነገሌ ካለስ?» አለች ዱሬቲ።

ኦቦ ሰንበታ ገርሟቸው አዩዋት። «እቤትሽ ከሆንሽ ለምን ነገሌ ይላል?»

ከአሥር ደቂቃ በፊት «ተሳስቷል» ያሉት እኒሁ ሰው ናቸው። በጥርጣሬ ሳይሆን በንጹሕ ልብ ነው የጠየቋት። ከክፉ ሰው ጋር ሰው ይከራከራል፤ ከእንዲህ ያለ ደግነት ጋር ግን የት ተጀምሮ የት ይደረሳል? ኦቦ ሰንበታ ተነሥተው መረቁ፣ ረጅም ምርቃት ነው፤ ቤቱን፣ ከብቱን፣ ባሕር ማዶ ያለውን ልጅ መረቁ። ሁሉም አሜን አሉ። ዱሬቲም አሜን አለች፤ ጎንበስ ብላ የጋሽ ገሠሠን ጉልበት ሳመች፣ ሐሙስ ዕለት ያመማቸውን።

እማማ ዘውድነሽ የሊዲን ልብስ በፌስታል አድርገው ጓዳ ጠሯት። ጓዳው ጠባብ ነው፤ ሁለቱ ሲቆሙበት ትከሻቸው ይነካካል። ሽንኩርት በአንድ ጥግ፣ የዘይት ጀሪካን በሌላ ጥግ፤ ሽንኩርት ሰማንያ ገባ አሏት፣ ሰው ምን ሊበላ ነው አሏት። ከዚያ ፌስታሉን ሳይለቁ፣ ወደ ሳሎኑ እያዩ፣ በሹክሹክታ «ውሃው በርሜል ውስጥ ሲወርድ ሰምቻለሁ» አሉ።

ዱሬቲ ፌስታሉን እንደያዘች ቀረች። «ታዲያ ለምን…»

«ልጄ ነው ወረቀቱን የላከው። ሽማግሌ ፊት ልጄን ውሸታም ላድርገው?» ብስኩት ከመደርደሪያው አውርደው ፌስታሉ ውስጥ ጨመሩ። «ደግሞ አለቀ፤ ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ። ማታ አንድ ሰዓት እንዳትረሺ። እሱ መጠበቅ አይወድም።»

በባጃጅ ሲመለሱ ሊዲ ጭኗ ላይ ተቀምጣ ብስኩቱን በላች። ዱሬቲ ልጇን አቅፋ ነበር፤ ያሸነፈች ሰው እንደሚያቅፍ ግን አልነበረም። ቤት ገብታ እራት ሠራች፣ ልጅቷን አጠበች። በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰካችው፤ ለአንድ ሩብ ጉዳይ ከሆነበት ጀምሮ ደግሞ እጇ ላይ ይዛው ነበር። የት ሆና ብትከፍተው ይሻላል? እንዲህ ያለ ጥያቄ በሕይወቷ ጠይቃ አታውቅም። ኦሊቃ ከቦታ ጋር ግንኙነት የለውም ብሏታል፤ ገብቷታልም። ያም ሆኖ ወደ ግቢው ወጣች። ነገሌ በደቡብ በኩል ነው። ጀርባዋን ወደዚያ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ መሃል ከተማው፣ ወደ ፖስታ ቤቱ በኩል አዙራ ቆመች። ስልኩን ከደረቷ ከፍ አድርጋ ያዘችው። እንዲህ ስታደርግ ራሷን አየችና አፈረች፤ ግን አልዞረችም። በድሪያ ከወለንጪቲ ተመልሳ ደጇን ትጠርግ ነበርና ቀና ብላ «ኔትወርክ የለም እንዴ?» አለቻት። «አለ» አለች ዱሬቲ። «አለ።» ልክ አንድ ሰዓት ላይ ከፈተችው።

ጠበቀች። ከዶሃ ምንም አልመጣም። ሊዲ በሩ ላይ ቆማ ውሃ ጠየቀቻት፤ ቆይ አለቻት። ደጋግማ ጠየቀቻት፤ ጮኸችባት፤ ልጅቷ ደንግጣ ወደ ውስጥ ተመለሰች። አምስት ደቂቃ ሆነ። ሰባት ሆነ። እያነበበ ይሆናል። አባቱ ዘንድ እየደወለ ይሆናል። በዚህች ደቂቃ የማታውቀው ሰው፣ በማታውቀው አገር፣ በማታውቀው ቋንቋ ከቁጥሯ ጎን አንድ የከተማ ስም ጽፎ ይሆናል፤ እሷም እዚህ፣ በገዛ ደጇ፣ ነገሌ አድራ ይሆናል። ከዚያ ስልኩ እጇ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አንድ ቃል ነው።

«አዳማ።»

«ተመስገን» አለች ዱሬቲ፣ ድምፅ አውጥታ። በድሪያ መጥረጊያዋን አቁማ «ምን ተገኘ?» አለቻት። ዱሬቲ አፏን ከፈተች፤ የተገኘውን ልትናገር ፈለገች። ያለችበት ቦታ ስላለች ነው ያመሰገነችው። ቤቷ ደጅ ላይ ቆማ፣ ቤቷ ደጅ ላይ ናት ስለተባለላት። ገብታ ለልጇ ውሃ ቀዳችላት፤ በሩን በጊዜ ቀረቀረች፤ በስልኩ ደወል ሞላች፣ ለጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ የት እንደምትሆን አታውቅም።